ከአጥር ማዶ የቆመው ሃምሳ አለቃ

የባቺታር ሲንግ ስድስት ጥማድ መሬት ከሽቦ አጥሩ ማዶ ነው። ይህን የሰማ የሩቅ ሰው ሽማግሌው ድንበር እየጣሰ የሚያርስ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። መንግሥት አጥሩን ሲተክል ልክ ድንበሩ ላይ አላደረገውም፤ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ተከለው። የኮት ሀርናም መንደር ገበሬዎችም አንድ ጠዋት ሲነሡ ቤታቸው ከሽቦው ወዲህ፣ እርሻቸው ከሽቦው ወዲያ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ባቺታር ወደ ገዛ መሬቱ የሚሄደው መታወቂያ አሳይቶ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ወታደሮቹ በሩን ይከፍቱና ስሙን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፤ የትራክተሩን መቀመጫ ሳይቀር ገልብጠው ያያሉ። በአሥር ሰዓት ይዘጋል። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ እህል መዝራት ክልክል ነው። በቆሎም ሸንኮራም የለም፣ ሰው ይደበቅበታላ! ስለዚህ ስንዴ ይዘራል። ስንዴ ውስጥ ድርጭት ካልሆነ ማንም አይደበቅም።

በእርሻው ጫፍ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ማዶ ሌላ አገር ነው፤ አፈሩም ያው፣ ስንዴውም ያው፣ ስድቡም ያው። እዚያ የሚያርሰው ሙስሊም ገበሬ ኢናያት ይባላል። ባቺታር ስሙን ያወቀው ሰውዬው ነግሮት ሳይሆን፣ የሰውዬው ታላቅ ወንድም ከሩቅ ሲጠራው ሰምቶ ነው። ከማዶ ሰው ጋር መነጋገር ያሳስራል። ከበሬ ጋር መነጋገርን የሚከለክል ሕግ ግን እስካሁን አልወጣም። ስለዚህ ኢናያት ወሬ ሲኖረው ለበሬው ጮክ ብሎ ይነግረዋል።

«ስማ አንተ ነጩ! ነገ ደመናው አያምርም፣ ጭዱን ዛሬ እናስገባ!»

ባቺታር በሬዎቹን ከሸጠ ቆይቷል። ያለው አንድ ቀይ ትራክተር ነው። እሱም ለትራክተሩ ይመልስለታል።

«አይ አንቺ! ባለፈውም ደመና ነው ብለሽ በከንቱ አሯሯጥሽኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተጫወቱ። የኢናያት ሴት ልጅ ስትዳር ከባቺታር በፊት የሰማው በሬው ነው። የባቺታር ልጅ ሀርጂት ፖሊስ ሆኖ ሲቀጠር መጀመሪያ የተነገራት ትራክተሯ ናት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ፊት ለፊት ተያይተው ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ነገሩ የተበላሸው በየካቲት ነው። በወንዙ ዳር ካለው ሸምበቆ ከርከሮ እየወጣ ማሳውን ይገለብጥ ጀመር። ባቺታር ግማሽ ጥማድ የሚሆን ስንዴ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ አገኘው። ማታ እንዳይጠብቅ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ አውሬ የሚያባርር የእንጨት ሰው ሊያቆም ወሰነ።

ሚስቱ ስዋራን ካውር ሣጥኑን ሲበረብር ደረሰችበት። እንደ አገሩ ወግ የባሏን ስም አትጠራም፤ በልጃቸው ስም ነው የምትጠራው።

«የሀርጂት አባት፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ካፖርቴን።»

«የወንድምዎን የወታደር ካፖርት? ለማን ሊሰጡት?»

«ለከርከሮ።»

«ከርከሮ ይበርደዋል ብሎ ማን ነገርዎ?»

«ከርከሮ ጨርቅ አይፈራም፣ አንቺ ሴት። የሚፈራው የሰው ላብ ነው። ይህን ካፖርት ሠላሳ የብርድ ወራት ውሃ ሳጠጣ ለብሼዋለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚሸት ነገር ቤታችን ውስጥ አለ?»

ስዋራን ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንድ አለ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እንጨቱ በመስቀል ታሰረ፣ ጭድ ተጎሰጎሰበት፣ ያ ካኪ ካፖርት ለበሰ። ራሱ የተሰነጠቀ የሸክላ እንስራ ሲሆን በጥላሸት ጠቁሮ፣ በኖራ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ወጡለት። ባቺታር ከትራክተሩ አውርዶ ከድንጋዩ መለስ ብሎ ሲያቆመው፣ በር ላይ ያሉት ወታደሮች ሳቁና የእጅ ሰላምታ ሰጡት። በካፖርቱ ትከሻ ላይ የሟች ወንድሙ ማዕረግ ቀርቶ ስለነበር መንደሩ ስም ለማውጣት አልተቸገረም። ሃምሳ አለቃ አሉት።

ከርከሮው በዚያው ሌሊት ጠፋ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም አልመጣም። ባቺታር ደስታውን ለትራክተሯ ሊነግር ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። ከማዶ ግን መልስ የለም። ኢናያት ጀርባውን ሰጥቶ ጉድጓድ ይቆፍራል።

በአራተኛው ቀን ከድንጋዩ ማዶ አንድ የእንጨት ሰው ቆሞ ተገኘ። ከሃምሳ አለቃው በአንድ ክንድ ይበልጣል። አረንጓዴ ካፖርት ለብሷል፣ ራሱ የሱም እንስራ ነው፤ በላዩ የብረት ሰሃን ደፍቷል። አንድ እጁ ወደ ጎን፣ ሌላው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ባቺታር ማሳ ተዘርግቷል።

ያን ቀን ባቺታር ሥራ አልሠራም። ትራክተሯ ላይ ተቀምጦ ያንን እጅ ሲያይ ዋለ። ለምን በአንድ ክንድ በለጠ? ለምንስ ወደኔ ይጠቁማል? ነጩ በሬስ ሰሞኑን ለምን ዝም አለ?

ማታ በመንደሩ፣ በጃግሩፕ ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። የኛ መንግሥት አዲስ ሚሳይል ተኩሷል፣ እሳቱ ሲወጣ ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ ያሳያሉ። በአራተኛው ቀን፣ ዛሬ፣ የማዶዎቹም የራሳቸውን ተኮሱ፤ የነሱ ደግሞ የበለጠ ይርቃል ተባለ። ጃግሩፕ ሻይ ሲቀዳ ምላሱ አያርፍም።

«ቻቻ ባቺታር፣ ሃምሳ አለቃዎ ተበለጠ አሉ። ማዶ ሻለቃ መድበዋል።»

ቻቻ ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ ጃግሩፕ ግን ሊነካው ለፈለገው ሁሉ ቻቻ ይላል።

«ጭድ ነው» አለ ባቺታር።

«የእርስዎም ጭድ ነው። ግን የእርስዎ አጭር ጭድ ነው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባቺታር ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃው አዲስ ምሰሶ ተጨመረለትና ከሻለቃው በሁለት ክንድ በለጠ። የስዋራን የትልቁ ድስት ክዳንም ራሱ ላይ ተደፋ። ካፖርቱ እንዳይወርድ ተብሎ አንድ የውሃ ቧንቧ በትከሻው ላይ ተጋደመ። ባቺታር «ለካፖርቱ ነው» ብሎ ይምላል፤ ግን ቧንቧው ለካፖርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጫፉ ወደ ማዶ መዞር አልነበረበትም። ጃግሩፕ በዚያው ዕለት ጄኔራል ብሎ ማዕረግ ጨመረለት። ባቺታር ውስጡ ደስ ቢለውም አልሳቀም።

ከማዶ መልሱ አልዘገየም። በሻለቃው አንገት ዙሪያ የቆርቆሮ ቁርጥራጮች ተሰቀሉ። ፀሐይ ስትመታቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ባቺታር ብልጭታውን መቁጠር ጀመረ፤ ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ ሰባት ጊዜ። ንፋስ ነው እንዳይል በቀትር ንፋስ አልነበረም። ሻይ ቤት አወራው፤ ለሚስቱም ነገራት።

«ምልክት እየሰጠ ነው።»

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ? ባውቅማ ምልክት አይባልም ነበር።»

«የሀርጂት አባት፣ ያ ሰውዬ የእርስዎ ስንዴ ቢጫ ሲሆን የሱም ቢጫ ይሆናል። የሚሰጠው ምልክት ምን ሊሆን ነው? ስንዴ ደረሰ ብሎ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ? ሃያ ሁለት ዓመት ሲለፈልፍ የኖረ ሰው!»

«እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

ባቺታር አቻር የሚሉትን በዘይት የተዘፈዘፈ በርበሬ በቂጣው ጠቅልሎ ጎረሰ። እሱ ዝም ያለው ኢናያት ስለዘጋው ነው። ኢናያት ደግሞ የዘጋው አንድ ነገር ቢያስብ ነው። ይህ ለባቺታር እንደ ፀሐይ የጠራ ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ የድንበር ጠባቂዎቹ መቶ አለቃ አስጠራው። መቶ አለቃ ናታራጃን ከደቡብ፣ ከሩዝ አገር የመጣ ወጣት ነው። ስንዴን በቂጣነቱ እንጂ በማሳ አያውቀውም። ጠረጴዛው ላይ ከሩቅ የተነሡ ፎቶግራፎች ዘርግቷል። በሁሉም ላይ ሃምሳ አለቃው ቧንቧውን ተሸክሞ ቆሟል።

«ቻቻ፣ ትናንት ነጭ ባንዲራ ይዘን ድንጋዩ ዘንድ ከማዶ መኮንኖች ጋር ተገናኝተን ነበር። አቤቱታ አቀረቡ። ከአጥሩ ማዶ ቀንና ሌሊት የማይቀመጥ ዘበኛ አቁማችኋል፣ መሣሪያም አስይዛችሁታል ይላሉ።»

«ሳሂብ፣ ጌታዬ፣ ጭድ ነው እኮ! እርስዎም ያውቃሉ። ወታደሮችዎ ሰላምታ ይሰጡታል።»

«እኔ አውቃለሁ። ነግረናቸዋል። እናንተስ ያቆማችሁት ምንድን ነው አልናቸው። የኛ ጭድ ነው አሉ።»

«ታዲያ ጭድ ነዋ።»

መቶ አለቃው ቀና አለ። «እንዴት አወቁ? ነክተውታል?»

«አልነካሁም። ግን የእንጨት ሰው... ያው...»

«በቆርቆሮው ምልክት እንደሚሰጥ ሪፖርት ደርሶናል። የሪፖርቱ ምንጭ ሻይ ቤት ነው፤ ሻይ ቤቱ ደግሞ ከእርስዎ ሰማሁ ይላል። በመጀመሪያ ምልክት ነው ይላሉ፣ አሁን ደግሞ ጭድ ነው ይላሉ። የትኛውን ልጻፍ?»

ባቺታር ጃግሩፕን በልቡ ረገመ።

«ሌላም አለ» አለ መቶ አለቃው ወረቀት ገልብጦ። «ከትራክተርዎ ጋር ጮክ ብለው ያወራሉ ይባላል። ለስንት ዓመት?»

«ሳሂብ፣ ገበሬ ብቻውን ሲውል ያወራል።»

«ትራክተሯ ደመና ነው ብላ አሳሳተችኝ ብለዋል። በሩ ላይ ያለው ወታደር ሰምቷል። ትራክተር ስለ ደመና ምን ታውቃለች?»

ባቺታር እውነቱን ቢናገር ይታሰራል፤ ቢዋሽ ደግሞ እብድ ይባላል። ከሁለቱ እብደቱ ይሻለኛል ብሎ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ አልተከፈተም። ነገሩ እስኪጣራ ከአጥሩ ማዶ ማንም አይሻገርም ተባለ።

ስንዴ ቀጠሮ አያውቅም። ሲደርስ አንድ ሳምንት ይታገሣል፣ በሁለተኛው ራሱን ያዘነብላል፣ በሦስተኛው ትንሽ ንፋስ ካገኘ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘራና ገለባውን ብቻ ይዞ ይቆማል። ባቺታርና ስዋራን ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከዚያ ስድስት ጥማድ ነው። ከሽቦው ወዲህ ያላቸው መሬት ቤታቸው የተሠራበትና ሁለት የሚታለቡ የቤት ጎሾች የሚታሰሩበት ብቻ ነው። ባቺታር በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት መታወቂያውን ይዞ በሩ ጋ ይቆማል፤ በአሥር ሰዓት ይመለሳል። በሽቦው ቀዳዳ ማሳው ሲነጣ ያያል።

የመከር በዓሉ፣ ቫይሳኪ፣ ደረሰ። ከሽቦው ወዲህ እርሻ ያለው የሌላ መንደር ገበሬ ከበሮ እየመታ ሲያጭድ የባቺታር ማጭድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስዋራን ከቤተ መቅደሱ የመጣውን ጣፋጭ ፊቱ አኖረችለት፣ አልነካውም።

«እሄዳለሁ» አለች ስዋራን።

«የት?»

«ለዚያ ልጅ እነግረዋለሁ። እናት አለው አይደል?»

ሄደችም። ነጠላዋን በራሷ ላይ አጥብቃ መቶ አለቃው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። በእጇ የያዘችው ከሽቦው ስር ንፋስ ያመጣቸው ጥቂት የስንዴ ዘለላዎች ናቸው። አንዱን መዳፏ ላይ አሸችው። ፍሬው ገና ሲነካ ጠብ ጠብ እያለ በፎቶግራፎቹ ላይ ረገፈ።

«ልጄ፣ ሩዛችሁ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃችኋል አሉ። የኛው አይጠብቅም።»

መቶ አለቃው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ከፎቶው ላይ ለቀመ። ለመጣል ሳይጨክን ቀርቶ ይሁን ሌላ ምክንያት ኖሮት አይታወቅም፣ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። «እማ፣ እኔ በሩን መክፈት እፈልጋለሁ። በላይ ያሉት ግን የነሱ ሻለቃ ይውረድና የኛን እናወርዳለን ይላሉ። ማዶ ያሉትም ልክ ይህንኑ ይላሉ። ቀድሞ ያወረደ ፈራ ይባላል።»

«እንግዲያው አብረው ይውረዱ።»

ቀላል ነገር ነበር። ለመስማማት ግን ስድስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ በየወገኑ ሁለት ጠባቂ ይኑር ተባለ። ማዶ አራት ሊያመጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ፣ እኛም አራት አልን። ከዚያ ስድስት ሆነ። በመጨረሻ ሁለት ጭድ ለማፍረስ አሥራ ስድስት ጠመንጃ ወጣ። ያ ማሳ አጥሩ ከታጠረ ጀምሮ ይህን ያህል መሣሪያ ባንድ ላይ አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ባቺታር ብቻውን ወደ ሃምሳ አለቃው ተራመደ። ከኋላው ስምንት ወታደሮች ስንዴው ውስጥ ተንበርክከዋል። ከማዶ ኢናያት ወደ ሻለቃው ይራመዳል፤ ከኋላው ስምንት። ባቺታር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በቅርብ አየው። እንዳሰበው ረጅም አልነበረም። ጢሙ በሂና ቀልቷል፤ አንድ ዓይኑ ላይ ሞራ አለ። ከበስተኋላው ያለው ማሳ እንደዚሁ ነጥቶ ዘንበል ብሏል፤ አልታጨደም።

የሱንም ዘግተውበታል? ወይስ እንዲመስል ነው?

ማጭድም ቢላም መያዝ ተከልክሏል። ባቺታር ገመዱን ያሰረው በየካቲት እርጥቡን ነው፤ ፀሐይ አድርቃው እንደ ሽቦ ጠንክሯል። በጥፍሩ ሞከረ። በጥርሱ ሞከረ፤ የቀሩት ጥርሶች ለዚህ ሥራ አልነበሩም። ማዶ ደግሞ ኢናያት በተመሳሳይ ሁኔታ ገመድ እያኘከ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ከሁለት ጭድ ጋር ተቃቅፈው ሲታገሉ ለሚያይ የሚያስቅ ነበር። የሳቀ ግን የለም።

«ምን ያቆየዋል?» አለ አንድ ወታደር ከኋላ።

«ማዶስ ያለው ምን እየቀበረ ነው?» አለ ሌላው።

አንድ ጠመንጃ ቀጭ አለ። ከማዶም አንድ መለሰ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ፣ እንስራው በአንገቱ ላይ ተወዛወዘ። በዚያን ጊዜ ነው የታየው፤ ይህ ሸክላ ቢያመልጠውና ከነድስት ክዳኑ ቢወድቅ ድምፁ ምን ይመስላል? የማዶውስ ሰሃን? ሆነ ብሎ ቢጥለውስ?

«አንተ ጭዳም!»

ኢናያት ነው። ወደ ባቺታር አላየም። ሻለቃውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ይጮኽበታል።

«ስማ አንተ ጭዳም! ያ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ያን ስሙን የማልጠራውን ቆሻሻ አውሬ ከማሳው ቢያባርረው፣ መንጋው እንዳለ እኔ ላይ ሰፈረ። በሦስት ቀን ሁለት ጥማድ በላኝ! እኔስ ምን ላድርግ? አንተን አቆምኩ። እጅህ ወደዚያ የዞረው አንድ እንጨት ጠማማ ሆኖብኝ ነው። አሁን ራስህን ቀስ ብለህ ስጠኝ። ከወደቅህ ትጮኻለህ፤ ከጮኽህ ደግሞ እነዚህ ልጆች ጣታቸው ቃታ ላይ ነው።»

ሦስት ቀን። ከርከሮው ከሱ ማሳ የጠፋባቸው ሦስት ቀናት። ከዚያ በአራተኛው ሻለቃው ቆመ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳያስበው ስንዴው ረገፈ።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃምሳ አለቃ! ሰምተሃል? እኔ አሮጌ ሞኝ ቆርቆሮ ስቆጥር ከረምኩ። ይልቅ እንስራህን ደረቴ ላይ አስጠጋ። ያ ሻለቃም የሱን ያዘጋጅ። ጆንያ ስንጭን እንደምንለው፣ ሆ ስል እናነሣለን።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» ሲል መቶ አለቃ ናታራጃን ጮኸ።

«ከሃምሳ አለቃው ጋር ነው ሳሂብ! መሰናበቻ ነው!»

ማዶ ኢናያት ሰሃኑን በብብቱ ይዞ እንስራውን አቀፈ። ባቺታርም አቀፈ።

«ሆ!»

ሁለቱ ራሶች ባንድ ጊዜ ተነሡ። አልወደቁም። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ክርስትና ልጅ አቅፈዋቸው ቀስ ብለው ተቀመጡና በጭዱ ላይ አስተኟቸው። ከዚያ የቀረው ካፖርት ነበር፤ ካፖርት አይጮኽም። ወታደሮቹ መጥተው ጭዱን በሳንጃ ወጉት፣ ቧንቧውን አነፈነፉት። ውስጡ የሸረሪት ድር ብቻ ነበር። ቧንቧውን ግን ለማጣራት ብለው ወሰዱት፣ እስከ ዛሬም አልመለሱትም።

በሩ ለሦስት ቀን ተከፈተ። ማሽን አልተፈቀደም፤ በማጭድ ነው። ባቺታር፣ ስዋራንና ሁለት የቀን ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ያጭዱ ጀመር። ከስድስቱ ጥማድ ሁለቱ ረግፏል። አንዱን ከርከሮ ጨርሶታል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሃምሳ አለቃውን ለምዶት ጥላው ሥር ሲተኛበት ኖሯል። ሦስቱ ገባ። ስዋራን ጆንያዎቹን በዓይኗ ለካችና «እስከ ጥር ይበቃል። ከጥር በኋላ ከልጅዎ እንለምናለን» አለች። ባቺታር ከልጅ መለመንን እንደሚጠላ ታውቃለች፤ ለዚህ ነው የተናገረችው።

ባቺታር የሃምሳ አለቃውን ምሰሶ ሳይነቅል ተወው። ኢናያት የሱን ስላልነቀለ ነው። ኢናያት ለምን እንዳልነቀለ ከጠየቃችሁ፣ የባቺታር ስላልተነቀለ መሆን አለበት። ያን ባዶ ምሰሶ ያየው መቶ አለቃ ለካሜራ ይመቻል ብሎ አንድ ካሜራ ሰቀለበት። በአራተኛው ቀን ማዶም ካሜራ ተሰቀለ። ካሜራ ላብ ስለሌለው ከርከሮ አይፈራውም። እንዲያውም በሌሊት ቀይ መብራቱን እያየ ነው የሚመጣው አሉ።

በኅዳር የዘር ጊዜ ደረሰ፤ በሩም እንደ ቀድሞው ይከፈት ጀመር። ባቺታር ትራክተሯን አስነሥቶ ገና ሳይጀምር ከማዶ ያ የለመደው ድምፅ መጣ። ነጩ በሬ ከየካቲት ወዲህ ወሬ ሲነገረው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ስማ አንተ ነጩ! ዘንድሮ ሰናፍጭ ነው የምንዘራው። ያ ስሙን የማልጠራው ሰናፍጭ አይወድም። ማዶም ሰናፍጭ ቢዘራ አውሬው ወደ ሌላ አገር ይሰደድ ነበር!»

ባቺታር ደስ አለው። «ሰማሽ አንቺ?» አለ ለትራክተሯ። «ጥሩ ምክር ነው!»

ቤቱ ሲገባ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። እውነቱን ነው? ወይስ እኔ ሰናፍጭ ዘርቼ እሱ ስንዴ ሊዘራ ነው? በእርግጥ ከርከሮው ሰናፍጭ ካልወደደ ወደ ስንዴው ይሄዳል፤ ስንዴው የማን ይሆናል? ደግሞስ ሰናፍጭ ብቻ ዘርቼ ቂጣ ከምን ሊጋገርልኝ ነው? ሦስት ቀን አሰበ። ስዋራን ተገላብጣ «ይዝሩና ያስተኙኝ» አለችው።

በጥር ማሳው አበባ ሲያወጣ ስዋራን ምሳ ይዛ በመታወቂያዋ ገባች። ትራክተሯ ላይ ወጥታ ቆመችና ዙሪያውን አየች። የባሏ መሬት ግማሹ ቢጫ የሰናፍጭ አበባ፣ ግማሹ አረንጓዴ ስንዴ ነው። ከኖራው ድንጋይ ማዶ፣ ከካሜራው ሥር፣ የኢናያትም ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ሁለቱም ስንዴያቸውን ከድንጋዩ አርቀው፣ ሰናፍጩን ለጎረቤት ዓይን ፊት ለፊት አድርገውታል።

ስዋራን ወርዳ አሬራውን ቀዳችለት።

ባቺታር ማዶውን ለረጅም ጊዜ አየና ጎረቤቱ እንዲሰማ አድርጎ ትራክተሯን በመዳፉ መታ አደረጋት።

«ውሸታም» አላት።

ከማዶ ነጩ በሬ ወዲያው ተሰደበ።

«አንተም ውሸታም!»

ከዚያ ሁለቱም ምሳቸውን በሉ።